ቀዝቃዛ አየር ብረት ያግላል? ከአጎቴ ጋር በቡና ተወራርደናል

የደብረታቦር_ልጅ | ሰኞ ማታ 1፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ፍረዱኝ።

የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ቤሰመር ዘዴ ተማርን። ሄንሪ ቤሰመር የሚባል እንግሊዛዊ በ1856 ያስተዋወቀው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የቀለጠ ብረት ትልቅ ጋን የሚመስል ዕቃ ውስጥ ይገለበጣል። ከሥሩ ተራ አየር ይነፋበታል። ከሰል የለም፣ እንጨት የለም፣ ነዳጅ የሚባል ነገር የለም። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ብረቱ ከቅድሙ ብሶበት ግሎ፣ ስቲል ሆኖ ይወጣል።

ቤት ስገባ ለአጎቴ አወራኋቸው። አጎቴ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራሉ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ወናፍ አጠገብ ነው። ሳቁብኝ። "ወናፍ የሚያነደው ከሰሉን ነው። ከሰል ከሌለ ምኑን ሊያነድ ነው? የጋለ ብረት ነፋስ ሲነፋበት ይበርዳል እንጂ መቼ ይግላል!" አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር መምህሩ ሲያስረዳም አልገባኝም ነበር። ራሴን እየነቀነቅኩ ነው የወጣሁት።

የጀበና ቡና ተወራርደናል። ማን ይክፈል?

ብረትና_ነገር | ሰኞ ማታ 2፡25

በመጀመሪያ ለአጎትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጥያቄያቸው የባለሙያ ጥያቄ ነው። ቤሰመር በነሐሴ 1856 ቼልተናም ከተማ ጥናቱን ሊያቀርብ በሄደ ጊዜ አንድ ብረት አቅላጭ ቁርስ ላይ በዚሁ ነገር ሲስቅ እንደሰማ ራሱ ጽፏል። "ያለ ነዳጅ" የሚለው ቃል ያኔ እንደ ቀልድ ነው የተቆጠረው።

ግን ቡናውን አጎትህ ይክፈሉ። ከሰሉ አለ። ያለው ብረቱ ውስጥ ነው።

እንዲህ ነው። ማዕድኑ ከኮክ (ከተጠበሰ የድንጋይ ከሰል) ጋር በትልቁ ምድጃ ሲቀልጥ፣ የሚወጣው ብረት ከኮኩ ካርቦን ይጠጣል። ከ100 ኪሎ ብረት ውስጥ 4 ኪሎ ገደማ ካርቦን ነው። ሲሊከንና ማንጋኒዝም አለበት። ይህን ነው ጋራዥ ቤት ጊዛ የምንለው። ይጠነክራል፣ ግን በመዶሻ ስትለው እንደ ሸክላ ይሰበራል። ካርቦኑን ጠራርገህ ብታወጣው ለስላሳ ብረት ይሆናል። ይታጠፋል፣ ይቀጠቀጣል፣ ስለት ግን አይዝም። ስቲል በሁለቱ መሃል ነው። ፌሮ ውስጥ ከ100 ኪሎ ሩብ ኪሎ ያህል፣ ባሌስትራ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ከምናምን ካርቦን አለ። አጎትህ ማረሻ ሲሠሩ ከፌሮ ይልቅ ባሌስትራ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ስሙን ሳይጠሩት ካርቦን እየመረጡ ነው።

አሁን አየሩን ንፋበት። ኦክስጅኑ መጀመሪያ የሚያገኘው ሲሊከኑን ነው። ሲሊከን ሲነድ ኃይለኛ ሙቀት ይሰጣል። ቀጥሎ ካርቦኑ ይነዳል። ያኔ ከጋኑ አፍ ረጅም ነበልባል ይወጣል፣ ፍንጣሪው ይዘንባል። ነበልባሉ ድንገት ሲወርድ ካርቦኑ አለቀ ማለት ነው። ሲገባ 1,300 ዲግሪ አካባቢ የነበረው ብረት ሲወጣ 1,600 ይደርሳል።

ይህች ሙቀት ደግሞ ትርፍ አይደለችም። ጊዛ በ1,150 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ካርቦኑ ሲወጣለት ግን ለመቅለጥ ከ1,500 በላይ ይፈልጋል። ያጸዳኸው ብረት ራሱን ካላጋለ ጋኑ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይረጋብሃል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች የተሸነፉት እዚህ ላይ ነው።

ጋዝ_በያጅ | ሰኞ ማታ 2፡51

ኬሚስትሪውን ለናንተ ትቻለሁ። እኔ በዓይኔ የማየውን ልንገርህ።

ወፍራም ላሜራ በጋዝ ስቆርጥ መጀመሪያ ጫፉን ቀይ እስኪሆን አሞቀዋለሁ። ከዚያ የኦክስጅኑን ምላስ እጫናለሁ። ከዚያ በኋላ የሚነደው ጋዙ አይደለም፣ ብረቱ ራሱ ነው። ፍንጣሪው የሚመጣው ከዚያ ነው። ኦክስጅኑም ቀዝቃዛ ነው፣ ከሲሊንደር ነው የሚወጣው።

አጎትህን አንድ ቀን ጋዝ ቤት ይዘሃቸው ና። ከአንድ ሺህ ቃል ይበልጣል።

የደብረታቦር_ልጅ | ሰኞ ማታ 3፡10

"ከሰሉ ብረቱ ውስጥ ነው" የሚለውን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ "እስቲ ልተኛበት" አሉኝ። ይህ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው 😄

ግን አንድ ጥያቄ። ከዚያ በፊት ስቲል አልነበረም እንዴ? ጎራዴው፣ ምላጩ፣ የሰዓት ሞላው ከምን ነበር?

ሸፊልድ_ነኝ | ማክሰኞ ጠዋት 4፡05

ይህን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ። እዚህ እንግሊዝ፣ ሸፊልድ ከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። አንዱ መስመሬ ጠርሙስ የሚመስል አሮጌ የጡብ ምድጃ አጠገብ ያልፋል። መጀመሪያ የጡብ ፋብሪካ መስሎኝ ነበር። ለካ የስቲል ምድጃ ኖሯል።

ስቲልማ ነበር። ውድ ነበር እንጂ። ለስላሳውን የብረት ዘንግ ከከሰል ጋር በድንጋይ ሳጥን ይደረድሩታል። አየር እንዳይገባ ይዘጉታል። ከዚያ አንድ ሳምንት ያህል ሌት ተቀን ያግሉታል። ካርቦኑ ከከሰሉ ወደ ብረቱ ቀስ እያለ ይገባል። ግን ላዩ ይጠግባል፣ ውስጡ ይራባል። በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ጥሩ የሰዓት ሞላ አጥቶ ተናደደ። ያንኑ ብረት በሸክላ ድስት አድርጎ አቀለጠው። ወጥ የሆነ፣ ምርጥ ስቲል አገኘ። ሸፊልድ በቢላዋና በምላጭ ስሟ የተጠራው በዚህ ነው።

ችግሩ ድስቱ ነው። አንድ ድስት 20 ኪሎ ገደማ ነው የሚይዘው። በ20 ኪሎ ሐዲድ አይሠራም። አንድ ቶን ስቲል ከ40 እስከ 60 ፓውንድ ያወጣ ነበር። በቤሰመር ዘዴ ወደ 6 እና 7 ፓውንድ ወረደ።

ስለዚህ ድልድይም ሐዲድም የሚሠራው ከለስላሳ ብረት ነበር። እሱም ቢሆን ሰው ይጨርስ ነበር። ሄንሪ ኮርት በ1784 ባወጣው ዘዴ፣ አንድ ጎረምሳ በምድጃው ቀዳዳ ረጅም ዘንግ አስገብቶ የቀለጠውን ብረት ያማስለዋል። ልክ እንደ ገንፎ። ካርቦኑ ሲቀንስ ብረቱ እየወፈረ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ እየጠቀለለ ኳስ ያደርገዋል። ሁለት ሰዓት ያህል እሳት ፊት ቆሞ። ሥራው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ዓይን ይፈልጋል። መቼ እንደደረሰ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በማሽን ሊተኩት ብዙ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

ኬልሃም አይላንድ የሚባለው ሙዚየም በር ላይ እውነተኛ የቤሰመር ጋን ቆሟል። ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ትንሹ "አባዬ፣ ይሄ የግዙፍ ሰው እንስራ ነው?" አለኝ።

ነገር_አያልፈኝም | ማክሰኞ ቀን 6፡30

ሁላችሁም ቤሰመር ቤሰመር ትላላችሁ። እኔ ልናገር። ሰውየው የሌላ ሰው ላብ የበላ ነጋዴ ነው።

አንደኛ፣ አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ዊሊያም ኬሊ የሚባል ሰው ከሱ ቀድሞ አየር ሲነፋ ነበር። ደኑ ሲያልቅበትና ከሰል ሲወደድበት ነው የጀመረው። በ1857 የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ቅድሚያውን ለኬሊ ሰጠ። በዚያው ዓመት ከሰረ።

ሁለተኛ፣ የቤሰመር ስቲል መጀመሪያ አይሠራም ነበር! ፈቃዱን በአንድ ወር ውስጥ በ27,000 ፓውንድ ሸጠ። የገዙት ፋብሪካዎች ሲሞክሩት የሚፈረካከስ ብረት ወጣላቸው። አጭበርባሪ ተባለ። ያዳነው ሮበርት መሼት ነው። የመሼት ስም ግን የትም የለም።

ብረትና_ነገር | ማክሰኞ ማታ 1፡15

"የሌላ ሰው ላብ የበላ" የሚለውን ውሰደው። የቀረው ግን ብዙው ልክ ነው። ላስተካክለው።

ችግሩ ሁለት ነበር፤ ሰዎች ሁልጊዜ ያደባልቋቸዋል።

የመጀመሪያው፣ አየሩ ካርቦኑን ከጨረሰ በኋላ አይቆምም። ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል። ኦክስጅን ብረቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። መሼት ለዚህ መድኃኒት አገኘ። ካርቦኑን ሙሉ በሙሉ አቃጥለህ ጨርስ፣ ከዚያ ማንጋኒዝና ካርቦን የበዛበት ብረት መጥነህ ጨምር። ማንጋኒዙ ኦክስጅኑን ይሰበስባል። ካርቦኑም የምትፈልገውን ያህል ይመለሳል። ወጥ አብስለህ ጨው መጨረሻ ላይ እንደ መጨመር ነው። መሃል ላይ ሆነህ "አሁን ልክ ነው" ብለህ ለመገመት አትጨነቅም።

ውጤቱን ላየ ሰው ያስደንቃል። በ1857 ደርቢ ባቡር ጣቢያ፣ በጣም በሚጨናነቅ ቦታ ላይ፣ በመሼት መንገድ የተሠራ አንድ ሐዲድ ተነጠፈ። በዚያ ቦታ የብረት ሐዲድ በየስድስት ወሩ ይቀየር ነበር። ይህኛው 16 ዓመት ቆየ።

መሼት ግን ፓተንቱ በ1859 ተሰረዘበት። ምክንያቱ የ50 ፓውንድ ቴምብር ሳይከፈል ቀርቶ ነው። 50 ፓውንድ! ሰውየው ደኸየ፣ ታመመ። በ1866 የ16 ዓመት ልጁ ሜሪ ብቻዋን ለንደን ሄዳ ቤሰመር ፊት ቆመች። "ሀብትህ የቆመው በአባቴ ሥራ ነው" አለችው። ቤሰመር በየዓመቱ 300 ፓውንድ ለመሼት መክፈል ጀመረ፣ እስከ መጨረሻው ከፈለው። ዕዳም በለው፣ ምጽዋትም በለው፣ አፍ ማስያዣም በለው፣ ፍርዱን ላንተ ትቻለሁ። ቤሰመር ከፓተንቶቹ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳገኘ ግን አትርሳ።

ሁለተኛው ችግር ፎስፎረስ ነው። እሱን መሼትም አልፈታውም። ረጅም ነው፣ ነገ እጽፈዋለሁ።

ነገር_አያልፈኝም | ማክሰኞ ማታ 1፡22

"ነጋዴ" የሚለውን አልወስድም።

ብረትና_ነገር | ማክሰኞ ማታ 1፡30

እሱማ እውነት ነው። ስቲል ከመጀመሩ በፊት ሀብቱን ያገኘው ወርቃማ ቀለም በመሸጥ ነው። የነሐስ ዱቄት የሚፈጭ ማሽን ሠራ። ፓተንት ካወጣሁ ምስጢሬ ይወጣል ብሎ ዝም አለ። ማሽኑ ያለበት ክፍል የሚገቡት የሚስቱ ወንድሞች ብቻ ነበሩ። ምስጢሩ አሥርተ ዓመታት ቆየ። ባሕር ላይ ያጥወለውለው ስለነበር ደግሞ አዳራሹ የማይወዛወዝ መርከብ አሠራ። መርከቡ በ1875 ካሌ ወደብ ሲገባ የመርከብ ማቆሚያውን ገጨው። ሁሉ አይሳካም።

እትዬ_ምናለሽተራ | ረቡዕ ጠዋት 3፡20

ልጆች፣ እኔ ብረታ ብረት ነጋዴ ነኝ። ይህን ሁሉ ሳነብ ቡናዬ በረደ። አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። የእኛ ፌሮ የሚሠራው ከውድቅዳቂ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ ዞሮ ያመጣዋል፣ እኛ እንሰበስባለን፣ ፋብሪካ ወስዶ ያቀልጠዋል። በዚህ በቤሰመር ጋን ውድቅዳቂ ይቀልጣል?

ብረትና_ነገር | ረቡዕ ጠዋት 4፡45

እትዬ፣ ጥያቄዎ ቤሰመርን የገደለችው ጥያቄ ናት።

በጋኑ ብዙ ውድቅዳቂ አይቀልጥም። ሙቀቱ ከራሱ ከቀለጠው ጊዛ ስለሚመጣ፣ ቀዝቃዛ ብረት ሲበዛበት ይረጋል። ውድቅዳቂውን የፈታው የሲመንስና የማርቲን ምድጃ ነው። የሲመንስ ወንድማማቾች አንድ ብልሃት አመጡ። የሚወጣውን የጋለ ጭስ በጡብ ክፍል ውስጥ አሳልፈው ጡቡን ያግሉታል። ከዚያ አቅጣጫውን ገልብጠው የሚገባውን አየርና ጋዝ በዚያው ጡብ ላይ ያሳልፉታል። የሚባክነው ሙቀት ትንሽ ነው። በ1865 ፈረንሳዊው ፒየር ኤሚል ማርቲን በዚህ ምድጃ ውስጥ ጊዛና ውድቅዳቂ አንድ ላይ አቀለጠ።

ቀርፋፋ ነው። ቤሰመር በ20 ደቂቃ የሚጨርሰውን እሱ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይወስድበታል። ግን ቀርፋፋነቱ ጠቀመው። መሃል ላይ ናሙና ቀድተህ ትመረምራለህ፣ የጎደለውን ትጨምራለህ። ጋኑ ውስጥ ግን ነበልባል አይተህ ነው የምትፈርደው። አንድ ደቂቃ ከዘገየህ አለፈህ።

የአዳማ_ሲቪል | ረቡዕ ቀን 7፡10

ኢፍል ታወርም የቤሰመር ስቲል ነው አይደል? ያን ያህል ትልቅ ነገር ያለ ርካሽ ስቲል አይታሰብም።

ሸፊልድ_ነኝ | ረቡዕ ቀን 7፡38

አይደለም ወንድሜ። ኢፍል ታወር ስቲል አይደለም። ያ ቅድም ያወራሁት፣ በዘንግ የሚማሰለው ለስላሳ ብረት ነው። 7,300 ቶን ገደማ። በ1889 ነው ያለቀው፣ ቤሰመር ጥናቱን ካነበበ 33 ዓመት በኋላ። መሐንዲሶች አዲሱን ነገር ቶሎ አላመኑትም። እንግሊዝ ውስጥማ እስከ 1877 ድረስ ስቲል ለድልድይ አይፈቀድም ነበር።

በብሪታንያ የመጀመሪያው ግዙፍ የስቲል ድልድይ ስኮትላንድ ያለው የፎርዝ ባቡር ድልድይ ነው፣ 1890። 54,000 ቶን። እሱም የቤሰመር ሳይሆን የሲመንስና ማርቲን ስቲል ነው። ኤደንብራ ስሄድ አይቼዋለሁ። ቁጥሩን ከሰማህ በኋላ ስታየው ሌላ ነው።

የድሬው_ልጅ | ረቡዕ ማታ 12፡50

ታዲያ የቤሰመር ስቲል የት ገባ? ድልድይ አይደለም፣ ግንብ አይደለም...

(አባቴ ምድር ባቡር ነው የሠሩት። ድሬ የተወለደ ሰው ስለ ሐዲድ ሲወራ ዝም አይልም።)

ብረትና_ነገር | ረቡዕ ማታ 2፡00

ራስህ መለስከው። ሐዲድ ውስጥ ነው የገባው። ሐዲድ ጥንካሬ ይፈልጋል፣ ትንሽ ቢደርቅም ችግር የለውም። ብዛቱ ደግሞ ማለቂያ የለውም።

አሜሪካ ላይ በደንብ ይታያል። አሌክሳንደር ሆሊ የሚባል መሐንዲስ ፈቃዱን ገዝቶ በ1865 ትሮይ ኒውዮርክ ውስጥ ማምረት ጀመረ። ከዚያ ለባለሀብቱ አንድሩ ካርኔጊ ፒትስበርግ አጠገብ ትልቁን ፋብሪካ ነደፈ። በ1875 ሥራ ጀመረ። የሆሊ ጥበብ ኬሚስትሪው ላይ አይደለም፤ ዕቃው ከየት ገብቶ በየት ይወጣል በሚለው ላይ ነው። የጋኑ ታች በፍጥነት ስለሚበላ ሙሉውን የሚነቀል አደረገው። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ሥራ አይቆምም። በ1867 አሜሪካ ውስጥ አንድ ቶን የስቲል ሐዲድ ከ160 ዶላር በላይ ነበር። በ1898 ከ20 ዶላር በታች ገባ።

ያንተ ከተማ ባቡር ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ ድሬ ዳዋ በ1902 የደረሰ ነው። በዚያ ጊዜ የለስላሳ ብረት ሐዲድ ዘመን አልፎበታል። ርካሽ ስቲል ባይኖር ያንን ሁሉ በረሃ በሐዲድ ማን ይሸፍነው ነበር?

ነገር_አያልፈኝም | ረቡዕ ማታ 2፡34

ስለ አገራችን ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። የክሩ ባለቤት ከደብረ ታቦር ነኝ ብሏል። ጋፋት ቅርቡ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ ያንን ግዙፍ መድፍ ያስፈሰሱት እዚያ ነው። ስሙ ሴባስቶፖል። ስሙ የመጣው ከክራይሚያ ጦርነት፣ ከተከበበችው ከተማ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ቤሰመርም ወደ ብረት የገባው በዚያው ጦርነት ምክንያት ነው። የሚሽከረከር የመድፍ ጥይት ሠርቶ ፈረንሳይ ውስጥ አስሞከረ። የፈረንሳይ መኮንኖች ጥይቱን ወደዱት፣ ግን "የጊዛ መድፍ ይህን ይችላል ወይ?" አሉ። ከዚያ ነው ጠንካራ ብረት ፍለጋ የጀመረው። አንድ ጦርነት እዚያ ጋን አሠራ፣ እዚህ መድፍ።

ብረትና_ነገር | ረቡዕ ማታ 2፡50

ይህቺን አመሰግንሃለሁ፣ እኔ አላሰብኳትም ነበር። አንድ ልዩነት ብቻ። ሴባስቶፖል ነሐስ ነው። ነሐስ ከ1,000 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፣ ንጹሕ ብረት ግን 1,538 ይፈልጋል። ጋፋት ላይ 7 ቶን የሚጠጋ ነሐስ ማፍሰስ በራሱ ጉድ ነው። ያንን ያህል ስቲል ማፍሰስ ግን በዚያ ዘመን ለአውሮፓም አዲስ ነበር።

የደብረታቦር_ልጅ | ሐሙስ ጠዋት 2፡15

ጋፋትን ሳነሳባቸው አጎቴ ፈገግ አሉ። ግን ፎስፎረሱ የት ደረሰ? ነገ ብለህ ነበር።

ብረትና_ነገር | ሐሙስ ማታ 1፡40

ይኸው። ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው፣ ስለዚህ ብረዝም ታገሱኝ።

ፎስፎረስ ስቲልን በብርድ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ያደርገዋል። ቤሰመር መጀመሪያ የሞከረበት ብረት ከብሌናቨን፣ ዌልስ የመጣ ነበር። በአጋጣሚ እዚህ ግባ የሚባል ፎስፎረስ አልነበረበትም። ስለዚህ ለሱ ሠራለት። ፈቃዱን የገዙት ሰዎች የየሰፈራቸውን ብረት ተጠቀሙ፣ ፎስፎረስ ሞልቶበታል፣ አልሆነላቸውም። ሰውየው አላጭበረበረም። ለምን እንደሠራለት ራሱም አያውቅም ነበር። ስዊድን ውስጥ ዮራን ፍሬድሪክ ዮራንሶን ንጹሕ የስዊድን ብረት ይዞ በሐምሌ 1858 ተሳካለት። ቤሰመርም በዚያው ዓመት ሸፊልድ ላይ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፣ ንጹሕ ብረት እየመረጠ።

ለ20 ዓመት ያህል ዓለም ያለችው በዚህ ነው። ፎስፎረስ የሌለበት ማዕድን ያለው ስቲል ይሠራል። የሎሬንን ማዕድን የያዙት ጀርመንና ፈረንሳይ፣ የክሊቭላንድን ማዕድን የያዙት እንግሊዞች ግን ቁጭ ብለው ያያሉ። ማዕድኑ ሞልቷል፣ ፎስፎረሱ አያሠራም።

ማን ፈታው? የፍርድ ቤት ጸሐፊ!

ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ ይባላል። ቀን ቀን ምሥራቅ ለንደን ፖሊስ ፍርድ ቤት ይጽፋል። ማታ ማታ ኬሚስትሪ ይማራል። አንድ አስተማሪው "በቤሰመር ጋን ፎስፎረስን የሚያስወጣ ሰው ሀብታም ይሆናል" አለ። ቶማስ ያቺን ይዞ ሄደ። የአጎቱ ልጅ ፐርሲ ጊልክሪስት ብሌናቨን ብረት ፋብሪካ ኬሚስት ነበር። (አዎ፣ ያው ብሌናቨን።) ሙከራውን እዚያ አደረጉ።

ነገሩ ጡቡ ነበር። ጋኑ በውስጥ የተለበጠው በሲሊካ ጡብ ነው። ሲሊካ አሲድ ነው። ፎስፎረስም ሲነድ አሲድ ይሆናል። አሲድ ከአሲድ አይጋባም፤ ስለዚህ ፎስፎረሱ ማረፊያ ሲያጣ ወደ ብረቱ ይመለሳል። ቶማስ ልባሱን ዶሎማይት በሚባል የተቃጠለ ድንጋይ ቀየረው፣ ኖራ ጨመረበት። ኖራው ፎስፎረሱን ይዞት ስላጉ ውስጥ አስቀረው። በያጆች በመዶሻ እያራገፉ የሚጥሉት ስላግ ማለቴ ነው፣ እሱ ዓይነት።

በ1878 በባለሙያዎች ስብሰባ ላይ "ፎስፎረሱን አስወጥተናል" ሲል ማንም ቁም ነገሬ አላለውም። ዕድሜው 28 እንኳ አልሞላም፣ ሥራው ጸሐፊነት ነው። በ1879 ሚድልስብራ ላይ በትልቅ ጋን አሳየ። ያን ጊዜ ከአውሮፓ ሁሉ ፈቃድ ሊገዙ ተሰለፉ።

ስላጉስ? ፎስፎረስና ኖራ ነው። ፈጭተው ማዳበሪያ አደረጉት፣ በተለይ የጀርመን ገበሬ ማሳው ላይ በተነው። ስቲሉን የሚያበላሸው ነገር ስንዴ አበቀለ።

ቶማስ ሀብታም ሆነ። ግን ሳንባው ታሞ ነበር። በ1885 ፓሪስ ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር።

እትዬ_ምናለሽተራ | ሐሙስ ማታ 2፡05

ወይኔ ልጄን። 34?

ጋዝ_በያጅ | ሐሙስ ማታ 2፡20

የኔ ጥያቄ። አየር ውስጥ ኦክስጅኑ ሩብ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ለምን ቀጥታ ኦክስጅን አልነፉበትም? እኔ በአየር ብቆርጥ ላሜራው ይስቅብኛል።

ብረትና_ነገር | ሐሙስ ማታ 2፡41

ቤሰመርም አስቦት ነበር። ግን ያን ሁሉ ኦክስጅን ከየት ያመጣዋል? በርካሽ የማምረት ዘዴ የመጣው ኋላ ነው። ናይትሮጅኑም ዝም ብሎ አያልፍም፣ ጥቂቱ ስቲሉ ውስጥ ይቀርና ያደርቀዋል። የቤሰመር ስቲል ከሐዲድ ያልተሻገረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ንጹሕ ኦክስጅን ከላይ የሚነፋበት ዘዴ በ1952 ኦስትሪያ፣ ሊንዝ ከተማ ሥራ ጀመረ። ዛሬ የዓለም አብዛኛው ስቲል በዚያ መንገድ ነው የሚመረተው። ጋን፣ የቀለጠ ጊዛ፣ ከውጭ ነዳጅ የለም። ሐሳቡ ያው የ1856ቱ ነው። በአየር የሚሠራው የመጨረሻው የእንግሊዝ ጋን ወርኪንግተን ላይ በ1974 ቆመ።

ሸፊልድ_ነኝ | ሐሙስ ማታ 3፡00

ሙዚየም በር ላይ ያለው እኮ ያ ነው! ከወርኪንግተን ነው የመጣው። ልጄ እንስራ ያለው።

የደብረታቦር_ልጅ | ዓርብ ማታ 1፡25

ጋዝ ቤት ወሰድኳቸው። በያጁ ላሜራ ቆረጠላቸው። አጎቴ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። "እውነት ነው፣ ብረቱ ራሱ ነው የሚነደው" አሉ። ቡናዬን አሸነፍኩ ብዬ መንገድ ጀመርን።

መሃል መንገድ ላይ ቆሙ። "ቆይ፣ ያ ሁሉ ብረት ላዩ ላይ ተጭኖበት አየሩን ከታች የሚያስገባው ወናፍ ማን ይነፋው ነበር? የሰው እጅ እንዳትለኝ።"

አሁን ምን ልበላቸው?

ብረትና_ነገር | ዓርብ ማታ 1፡37

በእንፋሎት ሞተር ነው የሚነፋው። ትልቅ፣ ቤት የሚያክል ሞተር። ካልበረታ ብረቱ ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል።

ሞተሩ ደግሞ... በድንጋይ ከሰል ነው የሚሠራው።

ነገር_አያልፈኝም | ዓርብ ማታ 1፡40

😂😂😂 "ያለ ነዳጅ"

የደብረታቦር_ልጅ | ዓርብ ማታ 2፡10

ነገርኳቸው። ሁለት ስኒ ጠጡ፣ ሦስተኛውን አስቀዱ። የከፈልኩት እኔ ነኝ።